የመገናኛ ሬዲዮ መቀበያ ብልሽት አመረማመርና ጥገና፤ በመምህራን ሥልጠና ውስጥ ያለው ቦታ

መግቢያ

የውጫሌ ስም በታሪክ ትምህርት ውስጥ የሚነሣው በአብዛኛው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያ መንግሥት መካከል ከተፈረመው ውል ጋር ተያይዞ ነው። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ጽሑፍ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ግንኙነት በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት ለመጠቀም እንደሚችሉ ሲገልጽ፣ በኢጣልያንኛው ጽሑፍ ግን ይኸው ፈቃድ ግዴታ ሆኖ ተገኘ። አለመግባባቱ ውሎ አድሮ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ ጦርነት ካደረሱት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። የታሪክ መምህራን ይህን ሲያስተምሩ የሚያስገነዝቡት አንድ ቁም ነገር አለ። መልእክት መላክ ብቻውን ግንኙነት አይባልም፤ የተላከው ነገር ከተቀባዩ ዘንድ ደርሶ እንደሆነና እንዴት እንደደረሰ መረጋገጥ አለበት።

ይኸው ቁም ነገር በመገናኛ መሣሪያም ላይ ይሠራል። ውጫሌ ዛሬ የአምባሰል ወረዳ መቀመጫ ስትሆን፣ ከደሴ በሐይቅ በኩል ወደ ወልድያ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ከጎዳናው ወጣ ሲሉ ግን ተራራውና ገደሉ መንገድንም የስልክ ሞገድንም ይጋርዳል። በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ወደ ደቡብ ወሎ በደረሰ ጊዜ ደግሞ የስልክና የኤሌክትሪክ አገልግሎት በብዙ ሥፍራ ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ከራሱ ባትሪና ከራሱ አንቴና በቀር የማንንም መረብ የማይጠብቀው የመገናኛ ሬዲዮ ዋጋው ጎልቶ ይታያል። ይሁን እንጂ በችግር ጊዜ የሚፈለገው መሣሪያ በደኅናው ጊዜ በአንድ የዛገ ማያያዣ ወይም በአንድ የተበጠሰ ገመድ ምክንያት «ተቃጥሏል» ተብሎ ወደ መጋዘን ገብቶ ሊገኝ ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመገናኛ ሬዲዮ መቀበያ ክፍል ሲበላሽ ጉድለቱ በምን ሥርዓት እንደሚፈለግና እንደሚጠገን ማስረዳት፣ እንዲሁም ይህ ዕውቀት በመምህራን ሥልጠናና በትምህርት ዕቅድ ውስጥ ሊኖረው የሚገባውን ቦታ ማመልከት ነው። መምህራንን የሚመለከትበት ምክንያት ግልጽ ነው። በብዙ ገጠር ቀበሌ ስለ ኤሌክትሪክ ትምህርት የቀሰመ ሰው ቢፈለግ በቅድሚያ የሚገኘው የሳይንስ መምህሩ ነው። ከዚህም በላይ የመገናኛ ሬዲዮ መቀበያና ለትምህርት በሬዲዮ የሚያገለግለው ተራ መቀበያ በመሠረተ ሐሳባቸው አንድ ናቸው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዲሰጥ መደረጉ ሲታወስ፣ የአንድን መቀበያ ጤንነት መጠበቅ የትምህርት ሥራ አካል መሆኑ አያጠራጥርም።

1. መቀበያው እንዴት ይሠራል?

ብልሽትን ለመፈለግ የእያንዳንዱን ዕቃ ጠባይ በዝርዝር ማወቅ የግድ አይደለም። ምልክቱ ከአንቴና ተነሥቶ እስከ ጆሮ በየትኛው መንገድ እንደሚጓዝ ማወቅ ግን የግድ ነው። ዛሬም በስፋት የሚሠራበት የመቀበያ ዘዴ አሜሪካዊው ኤድዊን አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1918 የደረሰበት «ሱፐርሄትሮዳይን» የተባለው ነው። በዚህ ዘዴ የሚሠራ የመገናኛ ሬዲዮ የመቀበያ መንገድ በስምንት ጣቢያዎች ሊከፈል ይችላል።

የመጀመሪያው አንቴናውና ገመዱ ነው። ሁለተኛው የመላኪያና የመቀበያ መለወጫ ሲሆን፣ በብዙ መሣሪያዎች «ሪሌ» የሚባለው በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ማብሪያ ነው። ተናጋሪው የመናገሪያውን ቁልፍ ሲጫን አንቴናውን ከማሠራጫው ጋር፣ ሲለቅ ደግሞ ከመቀበያው ጋር ያገናኛል። ሦስተኛው የመግቢያ ማጣሪያና የመጀመሪያ ማጉያ ነው። አራተኛው ቀላቃዩ ሲሆን፣ የመጣውን ምልክት በመሣሪያው ውስጥ ካለ አወዛዋዥ (ኦስሌተር) ከሚመነጭ ሞገድ ጋር ይቀላቅላል። አምስተኛው የመካከለኛ ፍሪኩዌንሲ ማጣሪያና ማጉያ፣ ስድስተኛው ድምፁን ከሞገዱ የሚለየው ዲቴክተር፣ ሰባተኛው የድምፅ ኃይል ማጉያ፣ ስምንተኛው ስፒከሩ ነው። ለእነዚህ ሁሉ ኃይል የሚያድለው የኃይል ክፍል ከጎናቸው ይቆማል።

የቀላቃዩ ሥራ በምሳሌ ቢታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በተራ የመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ 1000 ኪሎሄርትዝ ላይ ያለ ጣቢያ ሲፈለግ የውስጡ አወዛዋዥ 1455 ኪሎሄርትዝ ያመነጫል። የሁለቱ ልዩነት 455 ኪሎሄርትዝ ይሆናል። ጣቢያው ቢለዋወጥም አወዛዋዡ አብሮት ስለሚለዋወጥ ልዩነቱ ምንጊዜም 455 ነው። ስለዚህ ከቀላቃዩ በኋላ ያሉት ክፍሎች አንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ በሚገባ እንዲያጠሩና እንዲያጎሉ ተደርገው ይሠራሉ። የመገናኛ ሬዲዮ የሚጠቀምበት የመካከለኛ ፍሪኩዌንሲ መጠን ሌላ ቢሆንም ዘዴው ያው ነው።

ከ2 እስከ 30 ሜጋሄርትዝ በሚደርሰው የአጭር ሞገድ ክልል የሚሠሩ የመገናኛ ሬዲዮዎች በአብዛኛው ባለአንድ ጎን ሞገድ (ኤስ.ኤስ.ቢ.) ይጠቀማሉ። በዚህ ዘዴ ላኪው ተሸካሚውን ሞገድ አስቀርቶ ድምፁን የያዘውን አንድ ጎን ብቻ ይልካል። የቀረውን ተሸካሚ መቀበያው በሁለተኛ አወዛዋዥ ራሱ መተካት አለበት። ይህ አወዛዋዥ ከተወሰነለት ፍሪኩዌንሲ በጥቂት መቶ ሄርትዝ እንኳ ቢያፈነግጥ የሰውየው ድምፅ ቀጥኖ ወይም ወፍሮ፣ ሊለይ እስከማይቻል ድረስ ተለውጦ ይሰማል። ድምፅ አለመሰማትና ድምፅ ተበላሽቶ መሰማት የተለያዩ ምልክቶች መሆናቸውን ከዚህ መገንዘብ ይቻላል።

2. ሣጥኑን ከመክፈት በፊት

ልምድ የሌለው ጠጋኝ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ስሕተት ወደ ቡለን መፍቻ መቸኮል ነው። ሣጥኑ ከመከፈቱ በፊት የሚከተሉት በቅደም ተከተል መታየት አለባቸው።

ሀ) መጠየቅ። መሣሪያውን የሚይዘው ሰው ችግሩ በድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ የመጣው፣ ከዝናብ ወይም ከመብረቅ በኋላ ነው ወይ፣ በሁሉም ቻናሎች ነው ወይስ በአንዱ ብቻ፣ ሌሎች ጣቢያዎች እርሱን ይሰሙታል ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ሐኪም በሽተኛውን ከመንካቱ በፊት እንደሚጠይቀው ሁሉ፣ የዚህ ጥያቄ መልስ ብዙ ጊዜ ግማሹን ምርመራ ይጨርሳል።

ለ) የኃይል ምንጭ። የሞላ ባለ 12 ቮልት የመኪና ባትሪ ሥራ ሳይኖረው ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ወደ 12 ቮልት ከወረደ ሊያልቅ መቃረቡ ነው። ነገር ግን ልኬቱ ባትሪው ላይ ብቻ ሳይሆን ሬዲዮው ጀርባ ላይ፣ ሬዲዮውም እየሠራ መሆን አለበት። ለምሳሌ በዛገ የባትሪ ማያያዣ ላይ 0.1 ኦም ተቃውሞ ቢኖር፣ መቀበያው 0.5 አምፔር ሲወስድ የሚጠፋው 0.05 ቮልት ብቻ ስለሆነ ምንም አይታወቅም። ማሠራጫው 20 አምፔር ሲስብ ግን 2 ቮልት ይጠፋል፤ 12.6 የነበረው 10.6 ይሆንና መሣሪያው ሊጠፋ ይችላል። «ይሰማል ግን አይልክም» የተባለ ሬዲዮ መድኃኒቱ የባትሪ ማያያዣ መጥረግ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ሐ) መቆጣጠሪያዎች። የድምፅ መጠን፣ የቻናል መምረጫ፣ ጫጫታ የሚዘጋው ስኩልች፣ ድምፅ ማስተካከያው፣ እንዲሁም ተሰክቶ የቀረ የጆሮ ማዳመጫ አንድ በአንድ ይታያሉ። ስኩልች ከመጠን በላይ ከተዘጋ ጤነኛው መቀበያ ደንቆሮ መስሎ ይታያል።

መ) አንቴናና ገመድ። የግማሽ ሞገድ ሽቦ አንቴና ርዝመት በሜትር 143ን በሜጋሄርትዝ በማካፈል ይገኛል። ለ7 ሜጋሄርትዝ 20.4 ሜትር፣ ለ4 ሜጋሄርትዝ ደግሞ 35.75 ሜትር ያህል ይሆናል። አንዱ ክንፍ ተበጥሶ ከተንጠለጠለ በዐይን ይታያል። ገመዱ ግን ላዩ ደኅና መስሎ ውስጡ ውኃ ጠጥቶ ወይም በአይጥ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ገመዱ ከሁለቱም ጫፍ ተለያይቶ በመልቲሜትር ሲለካ በውስጠኛው ሽቦና በውጪው መረብ መካከል መገናኘት ሊኖር አይገባም። ውስጠኛው ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ መረቡም እንዲሁ ያለማቋረጥ መገናኘት አለባቸው። አንቴናው ራሱ ሲለካ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ ትራንስፎርመር ያላቸው አንዳንድ አንቴናዎች ጤነኛ ሳሉ እንደተገናኙ ሆነው ይለካሉና።

ሠ) ሰዓትና ፍሪኩዌንሲ። አጭር ሞገድ ከምድር በላይ ባለው አዮኖስፌር እየተመለሰ ስለሚጓዝ ከሰዓት ሰዓት ይለዋወጣል። ቀን ቀን የአዮኖስፌሩ የታችኛው ንብርብር ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲዎችን ስለሚመጥጥ ከፍ ያለው ይሻላል፤ ሌሊት ደግሞ ዝቅ ያለው ይበጃል። ተራራ በሚጋርዳቸው ቅርብ ጣቢያዎች መካከል ምልክቱ ወደ ላይ ወጥቶ እንዲመለስ ስለሚፈለግ አንቴናው ከምድር ብዙ ሳይርቅ ይዘረጋል። በቀትር በ4 ሜጋሄርትዝ አልሰማም ያለ ጣቢያ በመሸ ጊዜ በሚገባ ከሰማ መሣሪያው አልታመመም፤ የተመረጠለት ሰዓት ነው የተሳሳተው።

3. እየከፈሉ መፈለግ

እነዚህ ሁሉ ታይተው ብልሽቱ ከሣጥኑ ውስጥ መሆኑ ከተረጋገጠ ፍለጋው በሥርዓት ይቀጥላል። ከላይ ከተጠቀሱት ስምንት ጣቢያዎች ውስጥ አንዱ የተበላሸ ነው ቢባል፣ ከአንደኛው ጀምሮ አንድ በአንድ የሚፈትሽ ሰው እስከ ሰባት ጊዜ ሊፈትሽ ይችላል። መሐል ላይ የሚፈትሽ ሰው ግን በመጀመሪያው ፈተና ስምንቱን ወደ አራት፣ በሁለተኛው ወደ ሁለት፣ በሦስተኛው ወደ አንድ ያደርሳል። ጣቢያዎቹ ሲበዙ ልዩነቱ እየሰፋ ይሄዳል።

ለዚህ ዓይነቱ ፈተና ውድ መሣሪያ ሁልጊዜ አያስፈልግም። በአጭር ሞገድ ላይ የከባቢ አየር ጫጫታ ያለማቋረጥ ወደ አንቴናው ስለሚገባ ይህ ጫጫታ እንደ ነፃ መፈተኛ ምልክት ያገለግላል። ስኩልች ተከፍቶና ድምፅ ከፍ ተደርጎ ሲደመጥ ሦስት ዓይነት ውጤት ሊገኝ ይችላል።

የመጀመሪያው፣ ከስፒከሩ ምንም ሹክሹክታ አለመሰማት ነው። ይህ ከሆነ ብልሽቱ በድምፅ ማጉያው፣ በስፒከሩ ወይም በኃይል ክፍሉ ሊሆን እንደሚችል ይገመታል። ሌላ ስፒከር ተሰክቶ ይሞከራል።

ሁለተኛው፣ ሹክሹክታ እየተሰማ የአንቴናው መሰኪያ ሲነቀልና ሲሰካ ግን ምንም ለውጥ አለመኖሩ ነው። ይህ ከሆነ የኋለኞቹ ክፍሎች ሕያው ናቸው፤ መንገዱ የተዘጋው ከአንቴናው መሰኪያ እስከ ቀላቃዩ ባለው ክፍል ነው፤ ወይም ደግሞ አወዛዋዡ ቆሟል።

ሦስተኛው፣ አንቴናው ሲነቀል ጫጫታው ቀንሶ ሲሰካ መጨመሩ ነው። ይህ ከሆነ ምልክት ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልፋል ማለት ነው። እንግዲህ ችግሩ የፍሪኩዌንሲ ማፈንገጥ፣ የቻናል አሞላል ስሕተት ወይም የሌላው ጣቢያ ጉድለት ሊሆን ይችላል። ሁለት ጣቢያዎች አንዱ የሌላውን ድምፅ ተለውጦ የሚሰሙ ከሆነ ያፈነገጠው የትኛው እንደሆነ በሁለቱ ብቻ መለየት አይቻልም፤ ሦስተኛ ጣቢያ ተጠርቶ ከማን ጋር እንደሚስማማ ይጠየቃል።

4. ምሳሌ፤ የሚናገር ግን የማይሰማ ሬዲዮ

ሥርዓቱ በሥራ ላይ ሲውል እንዴት እንደሚሆን ለማየት በውጫሌ አንድ የአጭር ሞገድ ጣቢያ አለ ብሎ መገመት ይቻላል። በክረምት ወር ከሰዓት በኋላ መብረቅ ያለበት ዝናብ ከጣለ ወዲህ የጣቢያው ሠራተኛ ቢጠራ ቢጠራ መልስ አያገኝም። እርሱ የሚያስበው ሌሎቹ አልሰሙኝም ብሎ ነው። በሌላ መንገድ ሲጠየቅ ግን ሌሎቹ ጣቢያዎች በጠራ ድምፅ እንደሰሙትና ደጋግመው እንደመለሱለት ይናገራሉ።

ይህ ከብልሽቶች ሁሉ አሳሳች የሆነው ነው። ጨርሶ የሞተ መሣሪያ መሞቱን ራሱ ይናገራል። የሚናገር ግን የማይሰማ መሣሪያ ግን በአንድ በኩል ሠራተኛውን ተስፋ ያስቆርጣል፣ በሌላ በኩል መላሹን መልእክቴ ደርሷል ብሎ እንዲያምን ያደርጋል። መልእክቱ በጠና ስለታመመች ወላድ ወይም ስለ ተቋረጠ መንገድ የሆነ እንደሆነ የስሕተቱ ዋጋ ከባድ ነው።

ይሁንና ይኸው ምልክት ለመርማሪው ትልቅ ሀብት ነው። ጣቢያው በደንብ መላክ ከቻለ ባትሪው፣ የኃይል ገመዱ፣ አንቴናውና የአንቴናው ገመድ ከጥርጣሬ ነፃ ናቸው። በብዙ መሣሪያዎች ዋናው አወዛዋዥና የመካከለኛ ፍሪኩዌንሲው ማጣሪያ ለመላኪያውም ለመቀበያውም የጋራ ስለሆኑ እነርሱም ነፃ ይሆናሉ። ለዚህ ማረጋገጫው የመሣሪያው ንድፍ ነው። የሚቀሩት ለመቀበያው ብቻ የሚያገለግሉት፦ የሪሌው የመቀበያ ንክኪ፣ የመግቢያው ክፍል፣ ዲቴክተሩ፣ የድምፅ ማጉያውና ስፒከሩ ናቸው።

የመጀመሪያው ፈተና ስኩልችን ከፍቶ ማዳመጥ ነው። ሹክሹክታ ተሰማ እንበል፤ ዲቴክተሩ፣ የድምፅ ማጉያውና ስፒከሩ ነፃ ወጡ። ሁለተኛው ፈተና የአንቴናውን መሰኪያ ነቅሎ መሰካት ነው። ጫጫታው አልተለወጠም እንበል፤ ተጠርጣሪው ከመሰኪያው እስከ ቀላቃዩ ባለው አጭር መንገድ ውስጥ ተወስኗል። እስከዚህ ድረስ ሣጥኑ አልተከፈተም።

ለሦስተኛው ፈተና ሣጥኑ ይከፈታል። ከሁሉ አስቀድሞ ማንም ሳያስበው ቁልፉን እንዳይጫን የመናገሪያው ማይክሮፎን ይነቀላል፤ ማሠራጫው በሥራ ላይ ሳለ የአንቴናውን መስመር መንካት ያቃጥላልና። ከዚያም ጥቂት ሜትር ሽቦ በ100 ፒኮፋራድ ካፓሲተር በኩል በመጀመሪያ ከሪሌው በኋላ ባለው ነጥብ ላይ ይነካል። ጫጫታው ከጨመረ ጥፋቱ ሪሌው ላይ ነው። ካልጨመረ ሽቦው ወደፊት ተሻግሮ በቀላቃዩ መግቢያ ላይ ይነካል። በዚህ ጊዜ ጫጫታው ከጨመረ ጥፋቱ በሁለቱ ነጥቦች መካከል፣ ማለትም በመግቢያው ማጣሪያና ማጉያ ላይ ነው።

የሠራተኛው ቃል እዚህ ላይ ይታወሳል፤ ችግሩ የመጣው ከመብረቅ በኋላ ነው። በብዙ መሣሪያዎች መግቢያ ላይ ከፍተኛ ቮልቴጅን ወደ መሬት የሚያሳልፉ መከላከያ ዳዮዶች አሉ። ጤነኛ ሲሊከን ዳዮድ በመልቲሜትሩ የዳዮድ መፈተኛ በአንዱ አቅጣጫ 0.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ በሌላው አቅጣጫ አያስተላልፍም። የተቃጠለው በሁለቱም አቅጣጫ ወደ ዜሮ ከቀረበ መንገዱን ከመሬት ጋር አገናኝቶ ምልክቱን ሁሉ እያስቀረ ነው ማለት ነው። ልኬቱ በሌሎች ዕቃዎች እንዳይሳሳት የዳዮዱ አንድ እግር ከሰሌዳው ተነሥቶ መለካት አለበት። ጥፋተኛው ዕቃ ትንሽና ርካሽ ነው፤ ሥርዓቱ ባይኖር ግን ሬዲዮው በሙሉ በተወገደ ነበር።

5. የጥገናው ሥራና ወሰኑ

ጉድለቱ ከታወቀ በኋላ የሚተካው ዕቃ ዓይነቱና መጠኑ ከቀድሞው ጋር የተስማማ መሆን አለበት። የተቃጠለ ፊውዝ በዚያው አምፔር ፊውዝ ይተካል፤ በሽቦ መተካት ትንሹን ብልሽት ወደ እሳት መለወጥ ነው። ፖላሪቲ ያላቸው ካፓሲተሮችና ዳዮዶች አቅጣጫቸው ተጠብቆ ይበየዳሉ። በደንብ የተያዘ ብየዳ ላዩ ለስላሳ ሆኖ ከእግሩ ጋር ተዋሕዶ ይታያል፤ ተኮማትሮ በላዩ የተቀመጠ ብየዳ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የሚለያይ በመሆኑ አንዴ የሚመጣ አንዴ የሚጠፋ ብልሽት ምንጭ ይሆናል። የቆሸሸ የሪሌ ንክኪ በአልኮል በረጠበ ንጹሕ ወረቀት ይጠረጋል እንጂ በብርጭቆ ወረቀት አይፋቅም፤ የላይኛው ስስ ማዕድን ይነሣልና።

በማጣሪያዎቹ ውስጥ ያሉት ማስተካከያ ብሎኖች ያለ መለኪያ መሣሪያ ጨርሶ መነካት የለባቸውም። እነዚህ በራሳቸው ጊዜ በድንገት አይለወጡም፤ በተሳሳተ እጅ ግን በአንድ ደቂቃ ይበላሻሉ። እንደዚሁም በዘመናዊ መሣሪያዎች ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ዕቃዎች ልዩ መበየጃ ስለሚያስፈልጋቸው ብልሽቱ ከእነርሱ መሆኑ ከታወቀ ሥራው እዚያ ላይ መቆም አለበት። መሣሪያው ወደ ጥገና ማእከል ሲላክ ግን «አይሠራም» ከሚል ቃል ጋር ሳይሆን የተደረጉት ፈተናዎችና የተገኙት ውጤቶች ከተጻፉበት ወረቀት ጋር መላክ ይኖርበታል።

ጥገና የሚያበቃው ሣጥኑ ሲዘጋ አይደለም። የተጠገነው ጣቢያ ከሌላ ጣቢያ ጋር በቀንና በሌሊት ተነጋግሮ፣ የላከው ቃል ተደግሞ ሲመለስለት ነው። አንቴና ሳይሰካ ወይም በምትኩ ኃይሉን የሚመጥጥ መፈተኛ ጭነት ሳይያያዝ ማሠራጫውን ማሠራት ሌላ ብልሽት ያስከትላል። ማሠራጫ መጠቀም ፈቃድ የሚጠይቅ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። በኢትዮጵያ የሬዲዮ ሞገድ አጠቃቀም በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 በተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር ነው። ስለዚህ በትምህርት ቤት የሚደረገው ልምምድ በመቀበያ ላይ ብቻ መወሰን አለበት።

6. ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች

ከላይ የተዘረዘሩት ፈተናዎች ሁሉ አንድ የጋራ መሠረት አላቸው፤ ይኸውም ማነጻጸር ነው። ትራንስፎርመር ያለው አንቴና እንደተገናኘ ሆኖ ሲለካ ጤንነት ይሁን ብልሽት የሚታወቀው ጤነኛ ሳለ ተለክቶ ከተጻፈ ብቻ ነው። ጫጫታው ደክሟል የሚባለው ቀድሞ ምን ያህል እንደነበረ ከታወቀ ነው። በጤናው ጊዜ ያልተለካ መሣሪያ በሕመሙ ጊዜ የሚነጻጸርበት ነገር አይኖረውም። ስለዚህ መሣሪያ በተረከቡበት ቀን የባትሪው ቮልት በመስማትና በመላክ ጊዜ፣ የገመዱና የአንቴናው ልኬት፣ በእያንዳንዱ ቻናል በቀንና በሌሊት የሚሰሙ ጣቢያዎች በመዝገብ ሊሰፍሩ ይገባል። ይህ ከአንድ ቀን ሥራ የማያልፍ፣ ከደብተርና ከአንድ መልቲሜትር በቀር ወጪ የማይጠይቅ ነው።

በግዥ ዕቅድ ላይም መታሰብ ያለበት ነገር አለ። በተለያየ ጊዜ የተለያየ ሞዴል መግዛት መለዋወጫ እንዳይወራረስ ያደርጋል። አንድ ዓይነት መሣሪያ በወረዳው ሁሉ ቢኖር ግን ማይክሮፎኑን፣ ስፒከሩንና የኃይል ገመዱን ከጤነኛው ወደ ታመመው አሻግሮ መሞከር ይቻላል፤ ይህም ራሱ የምርመራ ዘዴ ነው። የመሣሪያው ንድፍና መመሪያ ከግዥው ጋር ተጠይቆ ዋናዎቹ ገጾች በአማርኛ ተዘጋጅተው ከመሣሪያው ጋር ቢቀመጡ ጠቀሜታቸው ከማንኛውም መለዋወጫ አያንስም። ለትምህርት ቤት ሬዲዮ ግዥ የሚያዘው በጀትም መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን መለኪያውን፣ ፊውዙን፣ ገመዱንና የመምህሩን የሥልጠና ቀናት አብሮ ማካተት አለበት።

7. በመማሪያ ክፍል ውስጥ

የብልሽት ፍለጋ ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ ትምህርት ውስጥ ከሚገኙት ከኦም ሕግ፣ ከዳዮድ፣ ከትራንዚስተርና ከኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድ ጋር በቀላሉ ይያያዛል። በመምህራን ኮሌጅ ለዕጩ መምህራን በሦስት ክፍለ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል።

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሁለት ተራ የመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንደኛው 1000 ኪሎሄርትዝ ላይ፣ ሁለተኛው 1455 ኪሎሄርትዝ አካባቢ ይደረጋል። የአንደኛው መቃኛ ቀስ ብሎ ወዲያና ወዲህ ሲዞር በሁለተኛው ላይ ጫጫታው በአንድ ነጥብ ዝም ይላል፤ በዚያ አካባቢ ደካማ ጣቢያ ካለም ፉጨት ይሰማል። ተማሪዎቹ የሰሙት በአንደኛው ውስጥ ያለውን አወዛዋዥ ነው። ይህ ሙከራ የማይታየውን የመቀበያ ሥራ በጆሮ ያሰማል፤ የአንድ ሬዲዮ አወዛዋዥ መቆም አለመቆሙንም ያለ ውድ መሣሪያ ለማወቅ ያስችላል።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ መምህሩ በባትሪ በሚሠራ አሮጌ ሬዲዮ ላይ አንድ ጉድለት ሆን ብሎ ያስገባል፤ የስፒከሩን አንድ ሽቦ ይነቅላል ወይም በባትሪው ንክኪ ላይ ወረቀት ያስገባል። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው እያንዳንዱን ርምጃ ከመውሰዳቸው በፊት «ምን እንጠረጥራለን? በምን እንፈትነዋለን? ውጤቱ ምን ቢሆን ምን እንላለን?» የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች በጽሑፍ ይመልሳሉ።

በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የቡድኖቹ ጽሑፎች ይነጻጸራሉ። ነጥብ መሰጠት ያለበት ቀድሞ ለደረሰ ሳይሆን እያንዳንዱ ፈተናው የጥርጣሬውን ክልል ላጠበበለት ነው። በአጋጣሚ ትክክለኛውን ሽቦ መጀመሪያ የነካ ተማሪ ሬዲዮውን ሠርቶት ይሆናል፤ ዘዴውን ግን ገና አልተማረም። የአንድ ዕጩ መምህር ጥቅም በዚህ አያበቃም። ተማሪው ሒሳብ ሲሳሳት መልሱ ስሕተት ነው ብሎ ከማለፍ ይልቅ ስሕተቱ ከየትኛው ደረጃ እንደጀመረ መሐል ላይ ጠይቆ የመለየት ልማድ ከዚሁ ትምህርት ሊገኝ ይችላል።

ማጠቃለያ

የመገናኛ ሬዲዮ መቀበያን መመርመር ከሚታወቀው ተነሥቶ የማይታወቀውን ማጥበብ ነው። መጠየቅ፣ ከውጪ መጀመር፣ ነፃ የሆነውን ነፃ ማውጣት፣ መሐል ላይ መፈተን፣ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፣ የተገኘውን መጻፍ የሥራው ዋና ዋና ደረጃዎች ናቸው። ከእነዚህ አብዛኞቹ መልቲሜትር ካለው ከማንኛውም የሳይንስ መምህር ዐቅም በላይ አይደሉም።

ስለሆነም የመምህራን ኮሌጆች ይህን ልምምድ በሳይንስ ማስተማሪያ ዘዴ ውስጥ ቢያካትቱ፣ ዕቅድ አውጪዎችም መሣሪያ ሲመድቡ መለኪያና መዝገብ አብረው ቢመድቡ፣ ነገ መንገድና ስልክ በተቋረጠ ጊዜ በየተራራው ሥር ያለው ጣቢያ መናገር ብቻ ሳይሆን የተመለሰለትንም ይሰማል። የመገናኛ መሣሪያ ሥራው ተፈጽሟል የሚባለውም የተላከው ቃል ተሰምቶ መልሱ በትክክል ሲደርስ ብቻ ነው።